ሽታ ደጅ አይጠናም

የዳባን መርዶ የነገረኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው። ሲሬ፣ መኪና መቆሚያው ላይ፣ ከነቀምቴ የሚላክልኝን የመጻሕፍት ጥቅል ስጠብቅ፣ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ዕቃ እያወረደ፣ «መምህር፣ ያ ጠርሙስ የሚይዘው ጓደኛህ ትናንት አረፈ፤ ቀብሩ ነገ ነው» አለኝና የአንዲት ሴት የበርበሬ ጆንያ ወረወረ። መርዶ በወጉ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገር ነገር ነው። ለእኔ ከበርበሬ ጋር ወረደልኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ከዳባ ጋር የጀመርነው ክርክር ነበረን። ዓመታት ፈጅቷል፤ አላለቀም። ባለፈው ገና ነቀምቴ ሄጄ ስንለያይ እንኳ አውቶቡሱ መስኮት ድረስ ተከትሎኝ እየተከራከረ ነው የቀረው። ሰው እንዴት ክርክሩን ሳይጨርስ ይሞታል? እንዲህ ያለ ሥራ ከዳባ በቀር ማንም አይሠራም።

እሱ የሳይንስ፣ እኔ የአማርኛ መምህር ሆነን ነቀምቴ አንድ ትምህርት ቤት ስናስተምር፣ ባኬ ጃማ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን እንኖር ነበር። በመካከላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ዳባ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ ከወገቡ ጎበጥ የሚል። ነጩን ጋዋኑን ከክፍል ውጭም አያወልቅም ነበር። ገበያም፣ ለቅሶም፣ ጸሎት ቤት ደጃፍም በጋዋን ነው። ከሱም ጋር ሽታው አለ። ከሚሲዮኑ ክሊኒክ እየለመነ በሚያመጣው ፎርማሊን በሚባል የሥጋ ማቆያ መድኃኒት ውስጥ የበግ አንጎል ዘፍዝፎ፣ ከጉራጌው ባለሱቅ በገዛው የከረሜላ ጠርሙስ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ስለሌለው ጠርሙሱ የሚያድረው ቤቱ ነው፤ ይኸውም ከእኔ አልጋ ራስጌ በስተጀርባ። ፎርማሊን ሸትቶት የማያውቅ ሰው ካለ እድለኛ ነው። አፍንጫ ይቆጠቁጣል፤ ዓይን ያስለቅሳል። የመጣብኝ እንግዳ ሁሉ «ሐዘን ላይ ነህ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

«ዳባ፣ ይህን ነገር ካላነሳኸው ቤት እለቃለሁ» እለዋለሁ።

ሁለት ጣቶቹን በሁለቱ ጆሮ ግንዶቹ ላይ መታ መታ ያደርጋል። «የተቆጣኸው አንተ አይደለህም፤ ለውዟ ናት» ይላል።

ለውዟ! ስንት ዓመት በዚህች ለውዝ ተቃጠልኩ። በአንጎል ውስጥ፣ ከጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራና በቀኝ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች፤ ስሟም በግሪኮች ቋንቋ አሚግዳላ ነው፤ ለውዝ ማለት ነው። «የመጽሐፍ ቅዱሱ ለውዝ ማለቴ ነው እንጂ ከአርጆ የሚመጣው ኦቾሎኒ አይደለም» ብሎ ሁልጊዜ ያርማል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ዓሣም አለችው፣ እንቁራሪትም አለችው፣ ዶሮም፣ በግም፣ ሰውም። የአከርካሪ አጥንት ያለው ሁሉ በየዓይነቱ አለችው። ሥራዋ ምንድን ነው? ከውጭ የመጣውን መልእክት መመዘን ነው። ይህ ደስ ያሰኛል፣ ቅረብ፤ ይህ ይጎዳል፣ ሽሽ። አካል ከሷ የተቀበለውን ይፈጽማል፤ ባለቤቱ ምክንያቱን የሚያውቀው፣ ካወቀም፣ በኋላ ነው።

«ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው፣ እሷ ዘንድ እስኪደርስ በየደጁ ይቆማል» ይላል ዳባ፣ እጁን እንደ አሽከር አጣምሮ። «እኔ ለማይክሮስኮፕ አዲስ አበባ ሄጄ በየቢሮው ደጅ እንደጠናሁት ማለት ነው። ሽታ ግን ደጅ አይጠናም። ሽታ እንደ መኳንንት ዘመድ ነው፤ አጋፋሪ ሳያስቆመው ቀጥ ብሎ ይገባል።» ይህን የሚለው የጃንሆይ ፎቶግራፍ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ነው። እኔ በመስኮት እየሰማሁ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ነገሩ እንደፈራሁት አልሆነም፤ የከሰሱት በሌላ ነው። አንዳንድ ወላጆች ዲሬክተሩ ዘንድ መጥተው፣ «ልጆቻችን ፍቅር የጭንቅላት ሥጋ ነው እያሉ ነው፤ እግዚአብሔርስ የት ገባ?» አሉ። ዲሬክተሩ ዳባን አስጠራው። እኔም አብሬ ገባሁ፣ ላስታርቅ ብዬ።

«ፍቅር አላልኩም፤ መፈለግ ነው ያልኩት» አለ ዳባ ተረጋግቶ። «ፍቅር በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ለአንድ ወር የመምህራን ማረፊያ ክፍል በዚህ ሳቀብኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልወድ ልመስክርለት። የሚስቱ የጫልቱ እናት፣ የግቢው ልጆች ሁሉ «አኮ»፣ አያቴ፣ ስለሚሏቸው እኛም አኮ የምንላቸው አሮጊት፣ አንዲት ላም ነበረቻቸው። ጥጃዋ ሞተ። አኮ እንደ አገሩ ልማድ የጥጃውን ቆዳ አስገፍፈው፣ ጭድ ሞልተው ሰፉትና ጨው ነስንሰው ከላሟ ፊት አቆሙት። ላሟ አሸተተችው፤ መላስ ጀመረች፤ ወተቷን ለቀቀች። ዳባ ይህን ሲሰማ ክፍሉን በሙሉ ነድቶ መጣ። አኮ ጸሎት ቤት ቢመላለሱም የሰው ዓይን ይፈራሉ፤ ነጠላቸውን ላሟ ላይ ጣል አድርገው፣ «ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ወተቴን ልታስደርቅብኝ ነው ያን ሁሉ ዓይን የሰበሰብከው?» ብለው ጮኹበት።

አንዷ ተማሪ፣ «መምህር፣ ላሟ አታይም እንዴ? ጥጃው እኮ እግር የለውም፣ ዓይን የለውም» አለች።

«ታያለች» አላት። «ዓይኗ ግን ገና ደጅ ላይ ነው። ሽታው ገብቷል።»

ቆዳውን የምትልሰውን ላም አየሁና፣ ምን እዋሻለሁ፣ ሆዴ ባባ። ለዳባ ግን አልነገርኩትም፤ ከነገርኩት አያስቀምጠኝም።

በዚያው ዓመት ጫልቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ገመቹ አሉት። ዳባ የባሰበት ያኔ ነው። ከትምህርት ቤት እንደገባ፣ እጁን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ልጁን ያነሳል። ጫልቱ እንጀራ ልትጋግር ጓዳ ስትገባ አንቀልባውን በጋዋኑ ላይ ታጥቆ፣ ልጁን አዝሎ የተማሪ ደብተር ያርማል። ወንድ ልጅ አንቀልባ ታጥቆ! ሰፈሩ በአጥር ቀዳዳ እያየ ይስቅ ነበር። እሱ ደንታም አልነበረው። የልጁን አናት እያሸተተ፣ «ጌታቸው፣ ምን እንደሚሸት ንገረኝ፤ እኔ አፍንጫዬ ሞቷል» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ፎርማሊኑ አፍንጫውን ጨርሶት ነበር። ስለ ሽታ ሲሰብክ የሚውለው ሰው ራሱ የተቃጠለ ወጥ አይለይም። እኔም ለማናደድ፣ «አንተን ነው የሚሸተው፣ ምስኪን» እለዋለሁ።

ገመቹ መቀመጥ ሳይችል ሞተ። ትኩሳት ነበር፤ ክሊኒክ ደርሶም አልዳነም። ጫልቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጡቷ ሞልቶ ያማታል፤ አትናገርም፤ ውሃም በግድ ነው። ለቅሶው ሳይነሳ ሌላ መርዶ መጣ። ኡኬ የምትኖረው ታናሽ እህቷ በወሊድ ሞተች። ልጇ ሴት፣ በሕይወት አለች። ጫልቱ መሄድ ስለማትችል ዳባ ብቻውን ወደ ኡኬ ሄደ።

ቀብሩን ውሎ በጭነት መኪና ተመለሰ። ቡልኮ ውስጥ የምትጮህ ነገር ይዞ ወረደ። አባቷ፣ «እኔ ዘንድ ከቀረች ትሞታለች» ብሎ ሰጥቶታል። ሕፃኗ በጡጦ የላም ወተት ሲሰጣት ትተፋለች፤ በመንገድ ሁሉ ስትተፋ መጥታለች፤ ድምፅዋ እንደ ድመት ግልገል ቀጥኖ ነበር። ወተት ያላት ሴት ደግሞ ግድግዳ እያየች ተኝታለች። የዳባን ፊት ሳይ ምን እንዳሰበ ወዲያው ገባኝ። መኪና ላይ ሆኖ ያሰበው የአኮን ላም ነው። ይህችን ልጅ በገመቹ ልብስ ጠቅልሎ ለጫልቱ ሊሰጣት ነው።

ግቢው ውስጥ ገባና ቆመ። የሰፈራችን ሴቶች ደግ ናቸው፤ በዚህ የሚያማቸው የለም። የሞተ ሰው ልብስ ቤት ውስጥ ውሎ ሐዘንተኛ እንዳያይ ብለው፣ እሱ ኡኬ ሳለ የልጁን ጨርቅ ሁሉ ለቅመው፣ ወንዝ ወርደው፣ በሳሙና አጥበው አጥር ላይ አስጥተውታል። ዳባ ሕፃኗን ለእኔ አስታቀፈኝና በአጥሩ ዳር እየሄደ ጨርቁን አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ይለጥፍ ጀመር። በዚያ በሞተ አፍንጫው። ሴቶቹ በድንጋጤ ያዩታል።

«ሳሙና» አለ፣ በሳሙና የደረቀውን ጨርቅ በጣቱ እያሻሸ። «ይህም ሳሙና።»

«ዋቀዮ ሀ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናው፣ አእምሮውን ነካው» አለች አንዷ።

በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደተናደድኩ ልገልጸው አልችልም። በማን ልናደድ? ሴቶቹ ያደረጉት ደግነት ነው። እሱም ለዓመታት ለከተማው ሁሉ ሲለፈልፍ የኖረው ይህንኑ ነበር፤ ማንም አልሰማውም፤ እኔም ሳልሰማው እስቅበት ነበር። ክንዴ ላይ ያለችው ልጅ መጮህ አቁማ መተንፈስ ብቻ ጀምራለች።

አንቀልባው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር። ቆዳ ስለሆነ ውሃ አልነካውም፤ ግን እንዳይደርቅ ብለው ቅቤ ለቅልቀውታል። ዳባ አውርዶ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋው።

«አሽትልኝ። ገመቹ አለበት?»

አሸተትኩ። መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። «የለበትም» አልኩት። «ቅቤ ነው። ቅቤና ያንተ ፎርማሊን ብቻ።»

«ፎርማሊኑን ተወው» አለ በቁጣ። «ከቅቤው ሥር አለ፤ የግድ አለ።»

ሕፃኗን በአንቀልባው ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ፣ በጋዋኑ ውስጥ ሸጎጣትና ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለ። እስክትሞቅ ነው አለ። ከዚያ ወደ ጫልቱ ሲገባ አኮ በሩን ያዙ።

«ኢንተሊ ኮ ሰአ ሚቲ! ልጄ ላም አይደለችም። የጥጃ ቆዳ ልታለብሳት ነው? ዲሲ፣ ተው!»

«አኮ፣ ላም ናት ብያለሁ እንዴ?» አለ። «ልጅቷ ልትሞት ነው። ያሳልፉኝ።»

አኮ አላሳለፉትም፤ ያሳለፉት ሕፃኗ ድንገት አንዲት ቀጭን ድምፅ ስታወጣ ነው። ዳባ ተንበርክኮ ሕፃኗን ከጫልቱ ጀርባ፣ ከአንገቷ ሥር አስጠጋት። ጫልቱ አልተንቀሳቀሰችም። እሱም አልተናገረም። ዳባ ዝም ያለበትን ሌላ ቀን አላስታውስም። ጓዳው ደጃፍ ላይ የቆምነው ሁሉ ልንወጣ ስንል ጫልቱ ቀስ ብላ ዞረች። አፍንጫዋን ከሕፃኗ አናት ላይ አሳረፈች። ቆየች። ከዚያ ቀሚሷን ከፈተች፤ አኮም ሁላችንንም ገፍተው አስወጡን።

ልጅቷ ዳነች። አያንቱ አሏት። ሰፈሩም ጫልቱን «የአያንቱ እናት» ይላት ጀመር።

አሁን ሰው ዕረፍት ያገኛል ብላችሁ ነው? ነገሩ የተጀመረው ያኔ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የጸሎት ሴቶች መጥተው ስለነበር ጸሎት ቤቱ «ጸሎት ነው» አለ። አኮ «ደም ነው፤ የእህቷ ልጅ ናት» አሉ። እኔ ደግሞ ርኅራኄ ነው አልኩ፤ የሚሞት ሕፃን ድምፅ ሰምታ የማትዞር እናት የለችም። ዳባ ግን፣ «ከቅቤው ሥር ገመቹ ነበረበት። ለውዟ አወቀችው» ብሎ ድርቅ። የድምፁን ነገር ባነሳሁበት ቁጥር፣ «ጆሮ ደጅ ይጠናል ብዬሃለሁ፤ ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ይለኛል። የሚያውቀው እውነቱን ሳይሆን ማመኑን ብቻ ስለሆነ ያንገበግበው ነበር። እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሰው ናት፤ እሷም አትናገርም። አያንቱ የመጣችበት ቀን በየዓመቱ ሲደርስ ጫልቱ አጠገብ ይቀመጥና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ቀን ምን ሸተተሽ? እባክሽ ንገሪኝ» ይላታል።

«ወጥህን ብላ» ትለዋለች።

እኔ ወደ ሲሬ ተዛውሬም ጥያቄው አልቀረም። በየበዓሉ እየሄድኩ እሱ ሲለምን፣ እሷ ስትስቅ፣ እኔ ስናደድ አያለሁ። አንዴ በገዛ ቁጣዬ፣ «አደ ጫልቱ፣ እንደው ዋሽተሽም ቢሆን አንዱን በይውና እንረፍ» አልኳት። እሷ ግን ለአያንቱ ውሃ አምጪ ብላ ላከቻት።

ለቀብሩ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነቀምቴ ገባሁ። ሳንባው ነው አሉ። አለቀስን፣ ቀበርነው፣ ተመለስን። ተማሪዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ዛሬ ክሊኒክ የሚሠሩም አሉ። ቤቱ ያው ነው። ጠርሙሱ በመደርደሪያው ላይ፣ የበጉ አንጎል በውስጡ እንደተንሳፈፈ ነው። አያንቱ ጉልበቷን ታቅፋ ከሥሩ ተቀምጣለች። ጫልቱ ፍራሽ ላይ ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩና እንደ አገሩ፣ «ዋቀዮ ሲ ሀ ጀጀቤሱ» አልኳት።

ወደ እኔ ዘወር አለችና፣ «ጌታቸው፣ ልንገርህ?» አለችኝ።

ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

«ሴቶቹ የልጅ ሽታ ይላሉ፣ የወተት ሽታ ይላሉ። የእኔ ልጅ እንዲያ አይሸትም ነበር። ያንን ነበር የሚሸተው» አለች፣ በአገጭዋ ወደ ጠርሙሱ እያመለከተች። «አባቱ እጁን ሳይታጠብ ሲያቅፈው፣ በዚያ ልብሱ ላይ ሲያዝለው ይውላል። ስስመው አፍንጫዬን ይቆጠቁጠኝ ነበር። ያን ቀን ተኝቼ ራሴን አንቺ ተነሺ አልኩ እንዴ? አላልኩም። አፍንጫዬን ቆጠቆጠኝ። ጡቴ ከእኔ ቀድሞ አወቀ። ወተቱ ሲወርድ ነው የዞርኩት።»

ቅቤና ያንተ ፎርማሊን ብቻ። በገዛ አፍንጫዬ አሽትቼው፣ በገዛ አፌ ነግሬው ነበር። እሱም ተወው አለኝ። ሁለት አስተማሪዎች መልሱን እጃችን ላይ ይዘን ዓመታት ተጨቃጨቅን። ከቅቤው ሥር የፈለገው ነገር ራሱ ላይ ነበር፤ አፍንጫ ስላልነበረው አላወቀም። አሸንፎ ነበር፤ ይህን ቢሰማ ደግሞ በነቀምቴና በሲሬ መካከል መኖሪያ ያሳጣኝ ነበር። ያን ጉራውን ልሰማ በዚያች ሰዓት ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት፤ ድምፄ የለቀስተኛ አልነበረም። «ሲለምንሽ ኖረ እኮ።»

«ብነግረው በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያስተምረው ነበር።»

«ቢያስተምረውስ?»

«ሲጠይቀኝ ደግሞ» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ሲጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ አይከራከርም። አጠገቤ ተቀምጦ ይለማመጠኛል። ብነግረው አይጠይቀኝም።»

 ሁለቱም ላይ ተናደድኩ፤ ሁለቱም አሳዘኑኝ።

በዚህ መካከል የሰፈሩ ሴቶች ገበቴ ይዘው ገቡ። እንደ ልማዳቸው የሟቹን ልብስ ይለቅሙ ጀመር፤ ሱሪውን፣ ሸሚዙን፣ አልጋ ልብሱን። ጫልቱ ፍራሹ ላይ ቦታዋን አስተካክላ ተቀመጠች፤ የጋዋኑ እጅጌ ከቀሚሷ ሥር ወጥቶ ይታየኛል። አንዷ ሴትዮ አየችውና ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋች።

«አደ ጫልቱ፣ እሱንም ስጪኝ እንጂ፣ አብሮ ይታጠብ።»

«እሱ ንጹሕ ነው» አለች ጫልቱ።

ከፍራሹ የሚወጣው ሽታ ዓይን ያስለቅስ ነበር። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

«ንጹሕ ነው» አልኳት እኔም። «ዲሲ፣ ተዪው።»

ገበቴዋን አንስታ ወጣች።